ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ፕሬዚዳንቱ

ያረጋልን የሰደበው ስመኘው ነው። የሰደበውም በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ሚካኤል፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ታቦቱ ከወንዝ ሲመለስ የማንኩሳ ሰው ሁሉ ግልብጥ ብሎ በወጣበት ሜዳ ላይ ነው። ያን ሰሞን ያረጋል ለቀበሌ ሊቀ መንበርነት ታጭቶ ነበር። ስመኘው ጋቢውን አጣፍቶ ቆመና፣ "እናንተ ሰዎች፣ ስድስተኛ ክፍልን ደጋግሞ ደጋግሞ መውጣት ያቃተውን ነው የምትሾሙ? ማኅተሙን ገልብጦ እየመታ አገር ሊያስቅብን!" አለ። ሰው ሳቀ። ካህናቱ እንኳ በመቋሚያቸው ተደግፈው ፈገግ አሉ። ሹመቱም ለሌላ ሆነ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያረጋል ያችን ቃል ቤቱ ይዟት ገባ፤ እንደ ጥጃ አስሮ ቀለባት። እራት ላይ ያነሣታል፤ አረም ላይ ያነሣታል፤ ሚስቱ ያምሮት "አሁንስ በቃህ" ስትለው "አንቺን አልሰደበሽ!" ይላታል። ልጁ ዘሩ ፊደል ሳይቆጥር ያችን ስድብ በቃሉ ያውቃት ነበር። ልጁ አደገ፤ ስድቧም አብራው አደገች።

አንድ ሰኔ ላይ ዘሩና የስመኘው ታናሽ ወንድም ወንዳወቅ በማሳ ድንበር ተጣሉ። ወንዳወቅ በሬዎቹን አቁሞ፣ "የማኅተሙ ልጅ! አባትህ ያጣውን ሹመት ከኔ ማሳ ልትወስደው ነው?" አለው። ዘሩ በያዘው ሽመል አንድ ጊዜ መታው። ከዚያ በላይ አልመታውም። ወንዳወቅ ግን ሐኪም ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ነፍሱ ወጣች። ፍርድ ቤትም በዘሩ ላይ የብዙ ዓመት እስራት ፈረደ፤ ዘሩም ፍኖተ ሰላም ታሰረ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ቤቶች በአንድ መንገድ አይሄዱም። የስመኘው ዘመዶች አይፎክሩም፤ አይዝቱም። "እስር ቤት በር አለው፤ የገባ ይወጣል" ብቻ ይላሉ። ይህን ሲሰሙ የያረጋል ቤተ ዘመዶች እህል አይወርድላቸውም ነበር።

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ፣ የደብሩ የቅኔ መምህር፣ ደጋግመው መክረውታል። "ልጄ ያረጋል፣ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክመህ ከስመኘው ደጅ ውደቅ። እኔም መስቀል ይዤ እከተልሃለሁ፤ ደሙ ይድረቅ።"

"ከስመኘው ደጅ? ከስመኘው ደጅ ከምወድቅስ ገደል ብወድቅ ይሻለኛል፣ አባ!"

ይህን ያለ ሰው አንድ ቀን በሬዲዮ፣ ፕሬዚዳንቱ ለእስረኞች ይቅርታ አደረጉ ሲባል ሰማ። ልቡ ዘለለ። ከስመኘው የሚበልጥ፣ ከቀበሌው የሚበልጥ፣ ከፈረደበት ዳኛ የሚበልጥ ሰው አለ ማለት ነው! ከማሳው ዳር ደህና ድንጋይ መረጠ፤ በጆንያ ጠቀለለ። ያምሮትን፣ "ስመኘውን ዘልዬ ላይ ነው የምወጣ" አላትና በማለዳ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ወረደ።

መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ የተከፈተ ሰሞን ነበር። የአዲስ አበባው አውቶብስ መንገዱ እስኪጣራ ቆሟል። ረዳቱ ጆንያውን ጣሪያ ላይ ሊሰቅል ብድግ ሲያደርገው ወገቡ ሊቆረጥ ደረሰ።

"አባት! ምንድን ነው ይሄ? ወፍጮ ነው?"

"አንተ ጫን። ምን አገባህ?"

"ያገባኛል እንጂ! በየኬላው የሚጠየቀው እኔ አይደለሁ?" ረዳቱ ጆንያውን ፈታ። ጎንበስ ብሎ አየ፤ ደግሞ አየ። "ድንጋይ! እውነተኛ ድንጋይ! አዲስ አበባ ድንጋይ ጠፋ ተባለ እንዴ?"

"ለኮንዶሚኒየም መሠረት ይሆናቸዋል" አለ አንድ ተሳፋሪ። መናኸሪያው በሳቅ ተናጋ።

ያረጋል ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። የሳቁትን አንድ በአንድ በዓይኑ ሲይዝ፣ ሲመዘግብ፣ ከኋላው አንዲት ሴት ጠራችው።

"አያ ያረጋል! እንዴት አደሩ?"

ዮርዳኖስ ናት፤ የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ልጅ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ አሁን ቡሬ ከተማ የዜግነት ትምህርት ታስተምራለች። ለሥራ ጉዳይ መጥታ የቡሬ ሚኒባስ እስኪሞላ ትጠብቅ ነበር።

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?"

"ደኅና ነኝ። ምነው፣ ሰው ምን ሆኖ ነው የሚስቅብዎ?"

"ሰው በኔ መሳቅ ዛሬ የጀመረ መሰለሽ?"

እጁን ይዛ ወደ ሻይ ቤቱ አግዳሚ ወሰደችው። ሻይ አዘዘችለት። እስኪረጋ ጠብቃ፣ "ድንጋዩን ወዴት ነው?" አለችው በቀስታ፤ የመሪጌታ ልጅ ናትና ድንጋይ ምን እንደሆነ ታውቃለች።

"ከፕሬዚዳንቱ ደጅ።"

"ከፕሬዚዳንቱ?"

"አዎ። ከቤተ መንግሥቱ በር ወድቄ አቤት እላለሁ። ልጄን ይማሩልኝ እላለሁ። አያቴ በግፍ የተነጠቀውን ርስት ከንጉሥ ፊት አቤት ብሎ አስመልሷል። እኔ ከሱ በምን አንሳለሁ?"

"አያትዎ ስንት ዘመን ደጅ ጠኑ?"

"እሱን እንኳ ተይው።"

"ኧረ ይንገሩኝ።"

ያረጋል ብርጭቆውን አዞረ። "አባቴን ዳዴ ሲል ትቶት ሄዶ፣ ሲመለስ እርፍ ጨብጦ አገኘው ይላሉ።"

"አዩ! ደግሞ እኒያ የቀናቸው ናቸው። ከደጅ ወድቆ እዚያው የቀረውን ማን ያወራልናል?"

"አንቺዬ፣ መጽሐፍ ታውቂያለሽ፤ አገር አታውቂም። የአገር ራስ ማን ነው?"

"ርዕሰ ብሔሩ ፕሬዚዳንቱ ናቸው።"

"ርዕስ ማለት ራስ ማለት ነው። ስድስተኛ ክፍል ብቀርም ይችን አላጣትም። ራስ ካዘዘ እጅ ምን ይላል?"

"ይህ ራስ ብዙ አያዝም፣ አያ ያረጋል። ምክር ቤቱ ሲከፈት ንግግር ያደርጋሉ። የውጭ አገር መልእክተኞችን ይቀበላሉ። ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ይፈርማሉ።"

"ይኸው! ይፈርማሉ አልሽ! ባይፈርሙስ?"

"አሥራ አምስት ቀን ይጠበቃል። ካልፈረሙ ሕጉ እንዲሁ ይጸናል።"

"ሳይፈርሙ?"

"ሳይፈርሙ።"

"ኧረ እግዜር ይይልሽ! ታዲያ እዚያ ላይ ምን ሊያደርጉ ወጡ? እኔ እንኳ ሊቀ መንበር ብሆን ኖሮ ያለኔ ማኅተም አንዲት በግ ከማንኩሳ አትወጣም ነበር!"

ዮርዳኖስ ሳቋን በነጠላዋ ሸሸገች። ያረጋል አየባት፤ ነገር ግን ነገሩ ራሱ እየገረመው ስለነበር ይችን ሳቅ ከሌሎቹ ጋር መመዝገብ ረሳ።

እዚህ ላይ መባል ያለበት ነገር አለ። የኛ አገር ሰው ሹም ሲባል የሚያውቀው ያዘዘው የሚሆንለትን ነው፤ ያሰረውን የሚፈታ፣ የፈታውን የሚያስር። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ሲባል አድጓል። ስለዚህ ልኩ የተሰፈረለት ሹም ሲያጋጥመው ይንቀዋል እንጂ አይደሰትበትም። ያረጋልም እንዲያ ነበር።

"እንግዲያስ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሄዳለሁ" አለ። "ሥልጣኑ እዚያ ከሆነ ድንጋዩም እዚያ ይሂድ።"

"መንግሥቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ እውነት ነው። ዳኛ የፈረደውን ግን እሳቸውም ብድግ ብለው አይሽሩም።"

"ታዲያ በሬዲዮ የሰማሁት ይቅርታ ውሸት ነው?"

"ውሸት አይደለም። ግን ከፊርማው በፊት የሚመረምር ቦርድ አለ፤ ፕሬዚዳንቱ በሕጉ መሠረት ነው ይቅር የሚሉ። ያም የፌዴራል ፍርድ ቤት ለፈረደበት ነው። ዘሩን የፈረደበት የክልሉ ፍርድ ቤት ነው፤ የዘሩ ነገር የሚታየው በክልሉ በኩል፣ ባሕር ዳር ነው።"

"መንገዱንም ተሳስተሃል በይኛ! አዲስ አበባ ወዲያ፣ ባሕር ዳር ወዲህ!"

"ተሳስተዋል፣ አያ።"

ያረጋል ተነፈሰ። "አንድ ሰው፣ አንድ ጌታ፣ 'ተፈታ' ብሎ የሚጨርሰው ነገር ምነው እንዲህ በዛ? የድሮው አይሻልም ነበር?"

"እሺ፣ እንደ ወደዱት ይሁን" አለች ዮርዳኖስ። ወደሱ ዞረች። "ፕሬዚዳንቱ ያሻቸውን የሚያደርጉ ሰው ይሁኑ። እርስዎ ዛሬ ከበሩ ወድቀው ማሩልኝ አሉ፤ ተማረልዎ። ነገስ? ስመኘው የወንድሙን ደም የነካ ልብስ ይዞ ከዚያው በር ቆሞ ስቀሉልኝ ይላል። ከሁለታችሁ የማን ጩኸት ይሰማል?"

"የኔ እውነት..."

"እውነቱን ተዉት። አዲስ አበባ ትልቅ ዘመድ ያለው ማን ነው? እርስዎ ነዎት ወይስ ስመኘው?"

የስመኘው አጎት የጦር መኮንን እንደነበሩ፣ ልጆቻቸውም በየመሥሪያ ቤቱ እንደ ተሰገሰጉ ማንኩሳ ያውቃል። የያረጋል ዘመድ ግን ከማንኩሳ አልፎ ሩቅ የሄደው ዱርቤቴ ገበያ ድረስ ነው።

"እንግዲህ ዘሩ በሕይወት ያለው ለምን ይመስልዎታል?" አለች። "ሹሙ ሁሉን ቻይ ስላልሆነ ነው። የርስዎን ጩኸት በቀላሉ የማይሰማው ሕግ የስመኘውንም አይሰማም። ጥቅሙ ይሄ ነው። በአህጉራችን ፕሬዚዳንቱ ሁሉን የሆኑባቸው አገሮች አሉ፤ ዳኛውም እሳቸው፣ ጦሩም እሳቸው፣ ግምጃ ቤቱም እሳቸው። እዚያ ወንበር ላይ የወጣ አይወርድም። ሕጉ ዘመንዎ አለቀ ሲላቸው ሕጉን ያስለውጡታል። ሲያረጁ ልጃቸውን ያስቀምጣሉ። ሕዝቡ ከደጅ ወድቆ ይቀራል።"

"የኛውስ ስንት ዘመን ነው?"

"ስድስት ዓመት። ቢደገምላቸው አንድ ጊዜ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እንደ ሰው ወደ ቤት።"

"ሳይባረሩ? ሳይታሰሩ?"

"እንዴ! ሕጉ የሚለው ይህን ነው።"

"ከወንበር ሲወርዱ ሰው አይስቅባቸውም?"

"ክብሩ እኮ እሱ ላይ ነው። በጊዜው በሚወርድ ማንም አይስቅም።"

ያረጋል ግን በዋዛ የሚረታ ሰው አይደለም። ከአውቶብሱ ወዲያ፣ ክላሽ ያንጠለጠሉ ሰዎች የቆሙበትን አስፋልት በአገጩ አሳያት።

"ቆንጆ ትናገሪያለሽ፣ መምህርት። ሕጉ እንዲህ ካማረ ይህ መንገድ ስለምን ተዘጋ? ትምህርት ቤትሽ ስለምን ከርቸሌ መሰለ? ሰው ስለምን እንደ ቅጠል ይረግፋል? ለተማሪዎችሽ ይህን ምን ብለሽ ታስተምሪያለሽ?"

ባለ ሻይ ቤቷም ጆሮዋን ጥላ ኖሮ የምታጥበውን ብርጭቆ እንደያዘች ቀረች።

"አልዋሽዎትም" አለች ዮርዳኖስ። "የተጻፈው ሁሉ የሚፈጸም ቢሆን እኔም ባልፈራሁ። አንዳንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ዞር ስል ልጆቹ የሚያዩኝ ዓይን ያስደነግጠኛል። ግን አያ፣ የጎደለ ሕግ ሰው ከበረታ ይሞላል። ሕጉ አንድ ሰው ከሆነ ግን፣ እሱ የተቆጣ ቀን ምን ይዘን እንከራከራለን? የዛሬው መከራም የመጣው ሁሉም ልኩን አልፎ 'እኔ ነኝ ሕጉ' ስላለ ነው። እርስዎም ዛሬ የሄዱት ሕግ የሚያልፍልዎትን ሰው ፍለጋ ነው።"

"እኔ ልጄን ፍለጋ ነው የሄድሁ!"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና እንዲያ አይመስለኝም። ልጅዎን ፈልገው ቢሆን ድንጋዩ ማንኩሳ ላይ ነበር የሚወርድ። እርስዎ የሄዱት ስመኘውን ለመዝለል ነው። ያ ሹመት ካለፈ ዘመን ሆነው፤ የተሾመውም ተሽሮ ሞቷል። እርስዎ ግን ያልተቀመጡበትን ወንበር እስከ ዛሬ አልለቀቁትም።"

ያረጋል ብድግ አለ። አግዳሚው ተንቋቋ። የመሪጌታ ልጅ ባትሆን፣ ሴት ባትሆን፣ ከሻይ ቤት ባይሆን፣ ምን እንደሚያደርግ እሱም አያውቅም። አውቶብሱ ወደቆመበት ሁለት እርምጃ ሄደ።

"አያ ያረጋል፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎትና ይሂዱ። እንበልና ተሳካልዎት። ፕሬዚዳንቱ ዛሬ ማታ ፈረሙ። ነገ ጠዋት ዘሩን ከእስር ቤቱ በር ተቀበሉት። ወዴት ይወስዱታል?"

ቆመ።

"ወደ ቤቱ ነዋ" አለ።

"በየት መንገድ?"

ያረጋል መንገዱን በልቡ ሄደበት። ከአስፋልቱ ሲወርዱ የስመኘው ባሕር ዛፍ አለ። ከባሕር ዛፉ ወዲያ የስመኘው ወንድሞች ማሳ። ከማሳው ወዲያ ወንዙ፤ ከወንዙ ወዲያ ወንዳወቅ የወደቀበት ድንበር። ዘሩን በዚያ መንገድ ሲያስኬደው፣ ልጁ ባሕር ዛፉን ሳያልፍ ሲቀር ታየው። ድንጋይ ተሸክሞ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የሚያመጣው ፊርማ የእስር ቤቱን በር ይከፍት ይሆናል፤ ያችን የእግር መንገድ ግን አይከፍትም። የሷ ቁልፍ ያለው ስመኘው ጋ ነው። ልጄን ላስፈታ ሲል ልጁን ለሞት ሊያወጣው ነበር።

ተመልሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። ዮርዳኖስም አልቅሶ እስኪወጣለት ወደ አስፋልቱ ስታይ ቆየች።

"ዕርቅ ከወረደ ይፈቱታል?" አለ ዓይኑን እየጠረገ።

"ቃል አልገባልዎትም። ይቅርታ ሲጠየቅ 'ከሟች ቤተሰብ ታርቋል ወይ' መባሉ አይቀርም፤ ካልታረቀ ነገሩ ይከብዳል። ቢታረቅም እምቢ ሊባል ይችላል። ግን ዛሬም ይፈታ፣ ፍርዱን ጨርሶም ይውጣ፣ የሚገባበት ቀዬ ይኖረዋል። ባለቤትዎም ቀና ብለው ይሄዳሉ። የስመኘውም ልጆች ገዳይ ሆነው አያድጉም፤ እነሱም እኮ ማታ ማታ የሚነገራቸው ነገር አለ።"

የመጨረሻዋ ቃል ያረጋልን ከሁሉ ይልቅ ወጋችው። የስመኘው ቤት እራት ላይ ምን ይባል እንደሆነ አስቦት አያውቅም ነበር።

የቡሬው ሚኒባስ ጥሩንባውን ነፋ። "ድንጋዩስ?" አለች ዮርዳኖስ።

"ድንጋይ ማንኩሳም ሞልቷል" አላት።

አውቶብሱ ቁልቁለት ላይ ቆሞ ኖሮ፣ ረዳቱ ያን ድንጋይ አንሥቶ ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቀው። "አባት፣ እግዜር ይስጥልን፤ ለካ ጥሩ ድንጋይ ነው!" አለ። ሰው እንደገና ሳቀ። ያረጋል አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ ተወው።

እንግዲህ ከዚህ ነገር የሚወሰደው ምክር ግልጽ ነው። ሹም ልክ ቢኖረው ለደካማው ነው የሚጠቅም፤ ልክ የሌለው ሹም ዛሬ ላንተ የሚያደላ ቢመስልህ ነገ ለጠላትህ ያደላል። ከወንበሩ በጊዜው የሚወርድ ፕሬዚዳንት ያለው አገር ከቤተ መንግሥት በር የሚወድቅ ሕዝብ አይኖረውም። ደግሞም ከሹም የሚፈለግ አለ፤ ከጎረቤት የሚፈለግም አለ። የጎረቤትን ይቅርታ ከቤተ መንግሥት የሚፈልግ ሁለቱንም ያጣል።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ያረጋል ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሸርጦ፣ ከመንገድ ዳር ያነሣውን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ከስመኘው ደጅ ወደቀ። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ መስቀል ይዘው፣ ሽማግሌዎቹ ተከትለው ቆሙ። "ስለ ሥላሴ! ስለ እመቤታችን! ስለ ሚካኤል!" አሉ። ከቤቱ ውስጥ የወንዳወቅ እናት እንደ አዲስ አለቀሰች።

ስመኘው ወጣ። ጠቁሯል፤ ከስቷል። ያረጋል ቀና ብሎ አላየውም፤ እግሩን ብቻ አየ።

"አባ፣ እርስዎን አከብራለሁ" አለ ስመኘው ለመሪጌታ። "ይህን ግን ከደጄ ያንሡልኝ። ወንድሜን የገደለው የልጁ ዱላ አይደለም፤ የዚህ ምላስ ነው። ራሱ እንዳይመታኝ ወኔ አጣ፤ ልጁን በነገር አሳድጎ ላከብን። ፈሪ! ልጁን አስበልቶ አሁን ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል!"

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይባል ሁሉም ያውቃል፤ እንዲህ ያለ ቃል ግን አልጠበቁም። የያረጋል አፍ ላይ መልሱ መጣ። "የመጀመሪያዋን ነገር ማን ጀመራት?" የሚል፣ በስንት ዘመን የተሳለ፣ እውነት የሆነ መልስ ነበር። ምላሱ ላይ ደርሶ ቆመ።

ያረጋል ድንጋዩን ከማጅራቱ አውርዶ በጥንቃቄ መሬት ላይ አኖረው። ተነሣ። መሪጌታን፣ "አባ፣ ሳምንት እንመለሳለን" አላቸው። ከዚያም ለስመኘው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና፣ አንዲት ቃል ሳይመልስለት፣ በባዶ እግሩ በባሕር ዛፉ ሥር መንገዱን ያዘ።